የወል ግጦሹ እንዴት ተመለሰ? የሴንት አንድሩስ የጎልፍ ሜዳ ታሪክ

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዘንግ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ሲሆን በብዙ አገር የባለጸጎች መዝናኛ ነው። ዝነኛው የሴንት አንድሩስ ሜዳ ግን በስኮትላንድ፣ በፋይፍ አውራጃ፣ የከተማ ነዋሪዎች የወል ግጦሽ ነበር። የወል መሬቱ እንዳይቆረስ ለሚሟገት የገበሬ ማኅበር መሪ ታሪኩ ባዕድ አይሆንበትም።

ቦታው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ በመሆኑ ለእርሻ አይመችም። ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በ1552 (እ.ኤ.አ.) በሜዳው ጥንቸል እንዲያረቡ ሲፈቀድላቸው፣ የሕዝቡ የመጫወትና ከብት የማሰማራት መብት በዚያው ሰነድ ተረጋግጧል።

በ1754 ሃያ ሁለት መኳንንትና ባላባቶች የጎልፍ ማኅበር አቋቋሙ። በ1834 ንጉሥ ዊልያም 4ኛ «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ማዕረጉ ግን መሬት አልነበረም።

አደጋው የመጣው መሬቱን ሊጠብቅ ከሚገባው አካል ነው። በ1797 የከተማው ምክር ቤት በዕዳ ተዘፍቆ ሜዳውን ለጥንቸል አርቢዎች ለቀቀ። ጥንቸል መሬት ትቦረቡራለች፤ ሣሩም ሜዳውም ተበላሸ። ተጫዋቾቹና አርቢዎቹ ሃያ ዓመት ያህል በፍርድ ቤትም በሜዳው ላይም ተፋለሙ። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባሉ የአካባቢው ባለርስት፣ ራሳቸውም ጎልፍ ተጫዋች፣ ቦታውን ገዝተው ከጥፋት አዳኑት። ይሁንና ሰውየው ደግ ቢሆኑም የሕዝቡ መሬት በአንድ ቤተሰብ እጅ ገባ።

ወደ ከተማው የተመለሰው በ1894 በወጣ የፓርላማ ሕግ ነው። በ1974 ደግሞ ሌላ ሕግ አስተዳደሩን ለባለአደራ ድርጅት ሰጠ። ማኅበሩ ዛሬም ከሜዳው አጠገብ የራሱ ሕንፃ አለው፤ ሜዳው ግን የሕዝብ ነው። በአሮጌው ሜዳ እሑድ እሑድ በወትሮው ጨዋታ የለም፤ ነዋሪው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል።