የደም ናሙና ለሴል መለያ ማሽን እንዴት ይዘጋጃል?

የሴል መለያ ማሽን በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ሴሎችን በአንድ መስመር እያሰለፈ በሌዘር ጨረር ፊት የሚያሳልፍ፣ ከዚያም የተፈለገውን ሴል የያዘውን ጠብታ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አስይዞ ወደ ተመደበለት ቱቦ የሚመራ መሣሪያ ነው። ይሁንና ማሽኑ የሚለየው የቀረበለትን ብቻ በመሆኑ፣ የውጤቱ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ከእርሱ በፊት ባለው የናሙና ዝግጅት ነው።

በጋሞ ዞን እንዲህ ያለው ሥራ ለወባ ጥናት ይጠቅማል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ቆላ ወባ ነዋሪውን ደጋግሞ ሲያጠቃ፣ በጨንቻ ደጋ ግን ቅዝቃዜው ጥገኛ ተሕዋሲው በትንኟ አካል ውስጥ እንዳያድግ ስለሚያግደው በሽታው እምብዛም አይታይም፤ በመሆኑም ወባ የለመዱና ያልለመዱ ሰዎችን የመከላከያ ሴሎች እዚያው ዞን ውስጥ ማነጻጸር ይቻላል።

ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ወይም ኢዲቲኤ በያዘ ቱቦ ይቀዳል። የቀዘቀዘ ደም በወጉ ስለማይለይ ቱቦው በረዶ ላይ አይቀመጥም፤ በዞኑ ቆላ በምትገኘው በአርባ ምንጭ የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ስለሚችልም ከፀሐይ ተከልሎ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው መጠን ተጠብቆ፣ በሰዓታት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። በዚያም በማጠቢያ ፈሳሽ ቀጥኖ፣ ጥግግቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፊኮል በተባለ ፈሳሽ ላይ ሳይደባለቅ በቀስታ ይፈስሳል። ለ30 ደቂቃ ያህል በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ቀይ የደም ሴሎች ከታች ይዘቅጣሉ፣ ቢጫማው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፣ የሚፈለጉት ነጭ የደም ሴሎችም በመካከል ስስ ነጭ ቀለበት ይሠራሉ። ይህ ቀለበት በድንገተኛ መቆም ስለሚናጋ፣ ሴንትሪፊውጁ ያለ ፍሬን በራሱ እስኪቆም ይጠበቃል።

ማሽኑ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ሴሎቹ በውስጣቸው የሚፈጠር በረዶ እንዳያፈርሳቸው ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል ተጨምሮባቸው፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዙ ከቆዩ በኋላ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተይዘው ይጓዛሉ። ከቀለጡ በኋላ ታጥበው፣ የየሴሉን ዓይነት ለይቶ በሚይዝ፣ የሚያበራ ቀለም በተለጠፈበት አንቲቦዲ በጨለማና በቅዝቃዜ ይነከራሉ። የሞቱ ሴሎች ማንኛውንም አንቲቦዲ በዘፈቀደ ስለሚይዙ፣ ሽፋኑ የተበጠሰን ሴል ብቻ የሚያቀልም ሌላ ቀለም ይጨመራል። የተጣበቁ ሴሎች የማሽኑን ቀዳዳ እንዳይደፍኑም ናሙናው 40 ማይክሮሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያልፋል።

የዝግጅቱ ሥርዓት ለሁሉም ናሙና አንድ ካልሆነ ጥናቱ ይሳሳታል። ከጨንቻ የመጣው ደም ከአርባ ምንጩ ይልቅ በመንገድ ብዙ ሰዓት ቢቆይ፣ በመዘግየት የተጎዱት ሴሎች በደገኛውና በቆለኛው መካከል ያለ የተፈጥሮ ልዩነት መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ማሽኑም ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ደሙ የተቀዳበት፣ የተለየበትና የቀዘቀዘበት ሰዓት ለእያንዳንዱ ቱቦ ይመዘገባል፤ የቅርቡም ናሙና የሩቁን ያህል እንዲቆይ ይደረጋል።