የደም ግፊትን በቤት ስለ መለካት

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚሻል የማያውቅ የለም። በተለምዶ ደም ብዛት የምንለው ሕመም ግን ተጠንቀቁ የሚያሰኝ ምልክት ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ሕመሙ የደሙ መጠን በዝቶ ሳይሆን ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ አልፎ ነው። ራስን ሳያሳምም፣ ጉልበትን ሳያደክም፣ ለብዙ ዓመታት ልብንና ኩላሊትን ሲጎዳ ቆይቶ በድንገት ግማሽ አካልን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የሚታወቀው በስሜት ሳይሆን በመለካት ነው።

ይሁን እንጂ በሐኪም ቤት አንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም፤ መምህርም ቢሆን ተማሪውን በአንድ ቀን ፈተና ብቻ አይመዝነውም። አንዳንዱ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለሚጨነቅ ግፊቱ ከፍ ይላል። ሌላው ደግሞ በዚያ ደኅና መስሎ ከቤቱ ሲመለስ ይጨምርበታል። በጃፓን አገር ኦሃሳማ በምትባል ስፍራ የሚኖሩ ሰዎች በየቤታቸው እየለኩ የመዘገቡት ቁጥር፣ በምርመራ ጊዜ ከተገኘው ይልቅ የሞትን አደጋ አጉልቶ እንደሚያመለክት በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ገልጧል።

በቤት የሚለካ ሰው የሚከተለውን ሥርዓት እንዲጠብቅ እንመክራለን። መለኪያው ከእጅ አንጓ ይልቅ በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠም ቢሆን ይሻላል። ጨርቁም በክንዱ ውፍረት ልክ ይሁን፤ የጠበበ እንደ ሆነ ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያልና። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት፣ ሲጋራ ማጨስና ከባድ ሥራ መሥራት አይገባም። ከዚያም ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ፣ እጅጌን አውልቆ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ አምስት ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ጧት መድኃኒት ከመዋጡና ቁርስ ከመበላቱ በፊት፣ ማታም ከመኝታ በፊት፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቁጥሩ ሳይመረጥ ሁሉም በደብተር ይጻፋል። ሰባት ቀን ሲሞላ የመጀመሪያው ቀን ተትቶ የቀረው ተደምሮ ይካፈላል። የላይኛው አማካይ 135፣ ወይም የታችኛው 85 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የደረሰ ወይም ያለፈ እንደ ሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል። በሐኪም ቤት ሲለካ ግን ወሰኑ 140 በ90 ነው።

ደብተሩ ለሐኪሙ የሚቀርብ ማስረጃ እንጂ መድኃኒትን በገዛ እጅ ለመቀነስ ፈቃድ አይደለም። በሥራችን ላይ «ቁጥሩ ደኅና ስለ ሆነ መድኃኒቱን ተውሁት» የሚሉ ብዙዎች ያጋጥሙናል። ነገር ግን ቁጥሩን ደኅና ያደረገው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ሲተዉት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ቁጥሩ 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንድ ወገን መስነፍ ወይም የአንደበት መተሳሰር ቢታይ ግን እንደገና ለመለካት ሳይቆዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

መለኪያውን ለብቻ መግዛት ለሚከብደው፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን በማኅበር ገዝተው ለየሳምንቱ በተራ ቢወስዱት ይጠቅማል። ይህን የምታነቡ ሁሉ ደግሞ ፊደል ላልቈጠሩ ወላጆቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ ግፊታቸውን ለክታችሁ ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ብትጽፉላቸው፣ ሐኪማቸው የሚረዳበትን ነገር በእጃቸው ታስጨብጧቸዋላችሁ።