ከሞፈር እስከ ሊቀመንበርነት፦ የወሎ ገበሬና የወንበር አማና

የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ቴምርና ውሃ ከተቀመሰ በኋላ፣ ሾርባው ሲቀዳ ወግ ይጀመራል። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች በእንዲህ ያለው ወግ መሃል የሚነሳ አንድ ሰው አለ፤ «የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር» ይባላል። በአንዱ ቤት በምርቃት ይነሳል፣ በሌላው ቤት ስሙ ሲጠራ ዝም ይባላል። በዛሬው የረመዳን ገጻችን የምናወጋችሁ ስለዚሁ ሰው ነው፤ ከእርሻው ተነስቶ ወንበር ላይ ስለተቀመጠው ገበሬ። ታሪኩ የብዙዎች ነውና የማንንም ስም አንጠራም።

መነሻችን ኩታበር ነው። ወረዳው ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። የደጋው ገበሬ የበልግን ዝናብ ጠብቆ ገብስ የሚዘራ ነው፤ በልግ ከቀረ ጎተራውም ባዶ ይቀራል። በንጉሡ ዘመን ይህ ገበሬ ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው በጭቃ ሹሙ በኩል፣ ያውም ግብር ሲከፍል ነበር። ሙስሊሙ ገበሬ በሹመት ወንበር ላይ የሚታየውማ ከስንት አንድ ነው።

ከዚያ 1966 ዓ.ም መጣ። ወሎ በድርቅና በረሃብ በተመታበት በዚያው ዘመን፣ ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ አሰሙ። በተከታዩ ዓመት ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሃ (አረፋ) እና መውሊድ የአገሪቱ የበዓል ቀናት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። መሬት ማደልና ክርክር መዳኘት የማኅበሩ ሥራ ሆነ።

ትናንት ግብር ከፋይ የነበረው ገበሬ በጎረቤቶቹ እጅ ተመርጦ ሊቀመንበር ሆነ። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ከዚያ በፊትም ሰው የሚሰማው፣ የቅሬ ዳኛ የነበረ፣ የተጣላ ያስታረቀ ሰው ነበር። ጠዋት ያርሳል፣ ከሰዓት የወሰን ክርክር ይሰማል። መሬት ያልነበረው ጭሰኛ ከእርሱ እጅ ማሳ ሲቀበል ምርቃቱ በዝቶ ነበር። እስከ ዛሬ በበጎ የሚያነሱት ቤቶች ይህን የሚያስታውሱ ናቸው።

ነገር ግን ወንበሩ ከታች በሕዝብ ይመረጥ እንጂ ትእዛዙ ከላይ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የእህል ኮታ መጣ፤ ገበሬው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ የሚያደርገው ሊቀመንበሩ ሆነ። ቀጥሎ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። የማን ልጅ ይሂድ? የማን ይቅር? ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የሠፈሩ ሰዎች ነበሩ። በ1977 ዓ.ም ደግሞ ከረሃቡ ጋር ሠፈራው መጣ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲጓዝ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። ወድዶ የሄደ አለ፣ ሳይወድ የተጫነም አለ። እዚህም ላይ የማኅበሩ መሪ እጅ ነበረበት።

እንግዲህ ፈተናውን አስቡት። ሊቀመንበሩ እምቢ ቢል ራሱ ይታሠራል፤ እሺ ቢል አብሮት ወንፈል የሚገባውን ጎረቤቱን ልጅ አሳልፎ ይሰጣል። አንዳንዱ በዘዴ ሰው አተረፈ፤ ወጣቱን «ታሟል»፣ «አገር ለቋል» እያለ ሸፈነ። ሌላው የራሱን ዘመድ አስቀርቶ የድሃውን ልጅ ሰደደ። ሁለቱም የተቀመጡት በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ ነበር።

በ1983 ዓ.ም ሥርዓቱ ሲወድቅ ወንበሩም ወደቀ። በደቡብ ወሎ በዚያው ሰሞን መሬት እንደገና ተሸነሸነ። በሌሎች የአማራ ክልል አካባቢዎች በ1989 ዓ.ም በተደረገው ሽግሽግ ደግሞ በደርግ ዘመን በማኅበር ኃላፊነት ያገለገሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። የበደለውም፣ ሰው ያተረፈውም በአንድ ስም ተጠራ። ዛሬ በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት፣ በመሬት አስተዳደር ኮሚቴም የሚቀመጡ ገበሬዎች አሉ። ሞፈራቸውን ሰቅለው ስብሰባ ይውላሉ፤ የይዞታ ደብተር የማን እንደሆነ ሲያጣሩ የወንድምና የጎረቤት ክርክር ይገጥማቸዋል። ዘመኑ ቢለወጥም ጥያቄው ያው ነው።

ይህን ጉዳይ በረመዳን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሹመት ለጠየቃቸው ሶሐባ ለአቡ ዘር፣ ሹመት አማና እንደሆነና ሐቁን ላልተወጣ ሰው የቂያማ ቀን ጸጸት እንደሚሆንበት ነግረውታል። ዑለማዎቻችንም አላህ ከእርሱ ጋር ያለውን ጥፋት በተውበት እንደሚምር፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ እንደማይለቅ ያስተምሩናል። ስለዚህ የድሮው ሊቀመንበር ጾሙን ጾሞ፣ ተራዊሑን ሰግዶም የሚቀረው አንድ በር አለ፤ የጎረቤቱ በር።

በደላቸውም በጎነታቸውም ገና ያልተረሳ ሽማግሌዎች በየመንደሩ አሉ። ልጁ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰለት አባትና ስሙን በዝርዝር ያስገባው ሊቀመንበር በአንድ መስጊድ፣ አንዳንዴም በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው በቅሬው ወጥቶ ይቀብራል። ከመቃብር በፊት ግን መነጋገር ይቻላል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት ካለ፣ እርሱ አፈር ካልቻለ እናንተ እጁን ይዛችሁ ከዒድ በፊት ወደ ጎረቤቱ ውሰዱት። «አፉ በለኝ» ለማለት ሹመት አያስፈልግም። ተበዳዩ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ በሩን ክፈቱለት፤ ቡናው እስኪፈላ ይቀመጥ፣ የሚለውንም ስሙት። ዛሬ ወንበር ላይ ያለው ልጃችሁም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ፤ እርሱም ነገ ወደ ጎረቤቱ ይመለሳልና።