ሁለት በር፣ አንድ ዘበኛ

በፓይተን ቋንቋ መረጃ የሚመረምር ሰው ተርሚናል ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ መልሱን አይቶ ቀጣዩን ይጽፋል። ግራፍ እንዲሣልለት ሲያዝ መስኮት ይከፈትለታል። በማውዝ ግራፉን ያጎላል፤ ወዲያው ወደ ተርሚናሉ ተመልሶ የመስመሩን ቀለም ይቀይራል። ይህ እንዲሆን አንዱ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መጠበቅ አለበት።

ተርሚናሉ የኪቦርድ ቁልፍ እስኪነካ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላ ነገር አይሠራም። መስኮቱ ደግሞ ኢቨንት ሉፕ በሚባል ማብቂያ የሌለው ዙር ይተዳደራል፤ ይህም የማውዝ ጠቅታውን፣ የመስኮቱን መስፋትና መጥበብ እየተቀበለ ለሚመለከተው ክፍል ያደርሳል። ዘበኛው አንድ፣ በሩ ሁለት ነው። በፊት ለፊቱ በር ከተቀመጠ በጓሮ የሚያንኳኳውን አይሰማም፤ ተርሚናሉ ሲጠብቅ መስኮቱ ይደርቃል፣ ሉፑ ሲዞር ተርሚናሉ ትእዛዝ አይቀበልም።

ሁለተኛ ዘበኛ ማቆም፣ ማለትም መስኮቱን ለብቻው በሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር) ማስኬድ፣ መጀመሪያ የሚታሰብ መፍትሔ ነው። ፈርናንዶ ፔሬዝ የተባለ ኮሎምቢያዊ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው አይፓይተን የተባለ የፓይተን ተርሚናል በዚሁ መንገድ ሄዶ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ የመስኮት መሥሪያዎች ከአንድ ትሬድ በላይ ሲነካካቸው ይበላሻሉ፤ ማክ ላይማ መስኮት ከዋናው ትሬድ ውጭ አይስተናገድም። በ2011 የወጣው 0.11 ስሪት ትሬዱን ትቶ ፓይተን ውስጥ ቀድሞውንም ወደነበረ ዘዴ ዞረ።

ዘዴው ኢንፑት ሁክ ይባላል። ፓይተን ትእዛዝ ለመቀበል ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ሲል፣ አስቀድሞ የተመዘገበለትን አንድ ፈንክሽን ይጠራል። ሪድላይን በሚባለው የመስመር ማረሚያ ሲሠራ፣ ቁልፍ እስኪነካ ድረስ በየ0.1 ሰከንዱ መልሶ ይጠራዋል። ፈንክሽኑ የተጠራቀመውን የመስኮት ጉዳይ ያስተናግድና ለተርሚናሉ ቦታውን ይለቃል። የሰው ጣት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እስኪሻገር ያለው ጊዜ ለኮምፒውተር ሰፊ ነው፤ መስኮቱ የሚኖረው በዚያ ክፍተት ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ የታየበት ፈጠራ በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ብዙ አላየሁም፤ የሚጠቀምበት ሰው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይገለገልበታል።

ቲኬ የሚባል የመስኮት መሥሪያ አለ፤ የእሱ የራሱ ተርሚናል፣ ዊሽ፣ ነገሩን ገልብጦታል፦ ኪቦርዱም እንደ ማውዙ አንድ ኢቨንት ሆኖ ወደ ሉፑ ይገባል። ይህ የበለጠ ንጹሕ አሠራር ነው፤ ግን ከመሠረቱ ለዚያ ተብሎ መሠራትን ይጠይቃል።

ሁኩ ወሰን አለው፤ ፓይተን ትእዛዝ እየጠበቀ ካልሆነ አይጠራም። ይህን በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በተርሚናል ፓይተን ከፍታችሁ ፓይተንን ከቲኬ ጋር በሚያገናኘው በቲኬኢንተር መስኮት ፍጠሩ፤ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ፓይተንን ለ20 ሰከንድ እንዲተኛ እዘዙትና መስኮቱን ለመዝጋት ሞክሩ። የሚዘጋው 20ው ሰከንድ ሲያልፍ ነው።