የናሽቪል ባሮች፦ በዘፋኙ ስም ይመረጡ ወይስ በባንዱ?

አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ከሄዱ፣ ሲመሽ ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ታችኛው ብሮድዌይ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር በምትሆን ጎዳና ላይ ሙዚቃ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል። አገሬው «ሆንኪ ቶንክ» ይላቸዋል፤ ባንድ የካንትሪ ሙዚቃ የሚጫወትባቸው መጠጥ ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ በራቸው ላይ የታዋቂ ዘፋኝ ስም አለ። ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ዘፋኙን እዚያ አገኘዋለሁ?

አይጠብቁ። ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ዘፋኙ ስሙን ይሰጣል፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ኩባንያ ነው። የዘፋኞቹን የጄሰን አልዲንን፣ የሉክ ብራያንንና የሚራንዳ ላምበርትን ባሮች የሚያስተዳድረው ቲሲ ሬስቶራንት ግሩፕ የተባለ አንድ ድርጅት ነው። ስለዚህ ስሙ ስለተለያየ ብቻ ቤቱ በጣም ይለያያል ብለው አያስቡ።

ማን ነው የሚጫወተው?

በፈረቃ የሚቀጠሩ ባንዶች ናቸው። በአብዛኛው የሌሎችን ታዋቂ ዘፈኖች ይጫወታሉ። አንዱ ባንድ አራት ሰዓት ያህል ተጫውቶ ለሌላው ይለቃል። ሙዚቃው ከረፋድ ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ አይቋረጥም። ትልልቆቹ ቤቶች ፎቅ ስለሆኑ በየፎቁ ሌላ ባንድ ሊኖር ይችላል። የመሬቱ ካልጣመዎት ከመውጣትዎ በፊት የላዩን ይሞክሩ።

ታዲያ በምን ይለያያሉ?

የቆየውን ካንትሪ የሚወዱ ከሆነ ወደ ዘፋኙ አላን ጃክሰን ባር ይግቡ። መደነስ ካማረዎት ሰፊ የዳንስ ወለል ያለው የሉክ ኮምብስ «ካቴጎሪ 10» አለ፤ እሱ ግን ከብሮድዌይ ወጣ ብሎ ሁለተኛው አቬኑ ላይ ነው። የሜክሲኮና የቴክሳስ ቅይጥ ምግብ ከፈለጉ፣ በ2021 የተከፈተውን የሚራንዳ ላምበርትን «ካሳ ሮዛ» ይዩ። ቁጭ ብለው ማዳመጥ ከፈለጉ ደግሞ የኤሪክ ቸርች «ቺፍስ» በትኬት የሚገባበት የሙዚቃ አዳራሽ አለው።

የኮከብ ስም የሌላቸውንም አይዝለሏቸው። «ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ» የጥንቱን ካንትሪ በመጫወት የታወቀ ነው። «ቱትሲስ» በ1960 የተከፈተ ሲሆን፣ ጀርባው ከራይማን አዳራሽ ጋር በጠባብ መተላለፊያ ይገናኛል። ያኔ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ከራይማን ይተላለፍ ስለነበር፣ ዘፋኞቹ በጓሮ በር ወደ ቱትሲስ ጎራ ይሉ ነበር።

መግቢያው ስንት ነው?

አብዛኞቹ ጋ መግቢያ ነጻ ነው። ይህ ለእርስዎ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሁለት ዘፈን ሰምተው ካልወደዱት ወደ ጎረቤቱ መሄድ ይችላሉ። ቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጡና ከምግቡ ነው።

ሂሳቡስ?

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። በቴነሲ በባር ውስጥ በሚሸጥ አረቄና ወይን ላይ 15 በመቶ ልዩ ግብር አለ። ተራ ቢራን ይህ ግብር አይነካውም። የሽያጭ ታክሱ ደግሞ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ግብሩ ለብቻው የሚታሰብበት ቤት ከሆነ 15 ዶላር የተባለ ኮክቴል፣ ማለትም ቅይጥ መጠጥ፣ ለአስተናጋጁ 20 በመቶ ጉርሻ ሲጨመርበት 22 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ሲያዙ «ታክሱ ገብቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ለባንዱስ ይከፈላል?

አዎ፣ ግዴታ ባይሆንም። ሙዚቀኞቹ በዋናነት የሚኖሩት ከአድማጭ በሚያገኙት ሽልማት ነው፤ ልክ እንደ አዝማሪ ቤት። ባልዲ ይዞራል፣ ወይም በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኮድ መድረኩ ላይ ይለጠፋል። አንድ ዘፈን እንዲጫወቱልዎ ከጠየቁ 20 ዶላር መስጠት የተለመደ ነው። ዝርዝር ዶላር ይያዙ።

በር ላይ ምን ይጠየቃል?

መጠጥ የሚፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ነው። ወጣት ቢሆኑም ባይሆኑም ፎቶ ያለበት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይያዙ። ልጆች ቀን ላይ የሚገቡባቸው ቤቶች አሉ፤ ሲመሽ ግን ብዙዎቹ ይከለክላሉ። ሰዓቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቀድመው ይደውሉ።

መቼ ልሂድ?

ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሰልፉም ግፊያውም ይበዛል። ሙዚቃውን በደንብ መስማት ከፈለጉ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ፣ ባንዱ ከጣመዎት ይግቡ፤ የማንም ስም ይጻፍበት።