በካፋ የሚነገረው ታሪክ ይቀረጽ

ፖድካስት የሚባለው ነገር በዛሬው ዘመን እጅግ ተስፋፍቷል። ተናጋሪው ቃሉን ቀርጾ በኢንተርኔት ያኖረዋል፤ ሰሚውም በወደደው ሰዓት በስልኩ ከፍቶ ያደምጠዋል። አንዱ ዘፈን ያሰማል፤ አንዱ ያስቃል፤ ሌላው ያለፈውን ዘመን ይተርካል፤ ብዙ ጊዜም ሦስቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ወሬ ማብዛት ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ በከፊልም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እንደ ካፋ የአብዛኛው ታሪኩ ማኅደር የሽማግሌዎች አፍ ለሆነ አገር ይህ መሣሪያ የሚናቅ አይደለም።

የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ተማረኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍሪድሪክ ዩሊዩስ ቢበር የሚባል የኦስትሪያ ሰው ወደ ካፋ ሄዶ ስለ አገሩ ሥርዐትና ታሪክ እየጠየቀ ጻፈ። ሥራውም በሁለት ክፍል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 እና በ1923፣ በጀርመንኛ ታተመ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ቃል ባሕር ተሻግሮ በባዕድ ቋንቋ ተጻፈ፤ የልጅ ልጃቸውም ያን መጽሐፍ ለማንበብ ጀርመንኛ መማር አስፈለገው። ቢበርን ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባም። ወቀሳው የሚገባው፣ መቅረጫው በየኪሱ እያለ ዛሬም ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ነው።

ድምፅ ሲቀረጽ ምን እንደሚጠቅም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ምስክር ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ዜማቸው በበርሊን በሸክላ ስለ ተቀረጸ፣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ይሰማል።

ለካህናትም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ምልክት የተሠራለት በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሆኑ ይነገራል። ምልክቱ መምህሩን አላስቀረውም፤ ተማሪው ዛሬም ከመምህሩ አፍ ይቀበላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጨዋታ ታሪክ መስሎ ሲቀርብ ነው። ቀልድ በቦታው መልካም ነው፤ አዝማሪም ያለ ቀልድ አይሆንለትም። ነገር ግን ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲዘሉ ያየው የካልዲ ተረት በየፖድካስቱ እንደ እውነተኛ ታሪክ ይነገራል። ተረቱን በአውሮፓ አስቀድሞ ያሳተመው ፋውስቶስ ናይሮን ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1671፣ ቦታውም ሮማ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የካልዲ ስም የለም፤ አገሩም የመን እንጂ ካፋ አይደለም። ቡና የሚጠራበት የፈረንጅ ስም ከካፋ መጣ የሚባለውንም ብዙ ሊቃውንት ከዐረብኛው ቀህዋ ያወጡታል። ካፋ ይህን በማጣት አይጎዳም። የዱር ቡና የሚበቅልበት ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

እንግዲህ ቦንጋ ያሉ የባህል ሹማምንትና የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከወጣቶቹ ፖድካስት ሠሪዎች ጋር ቢሠሩ ሥራው ከባድ አይሆንም። ሽማግሌው በመጀመሪያ በካፊኖኖ ይናገር፤ ትርጓሜው ኋላ ይከተል። የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌው፣ የተቀረጸበት ቀንና ታሪኩን ከማን እንደ ሰማው አብሮ ይነገር። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱን ነገር ለየብቻ ቢተርኩት ሁለቱም ይቀረጹ፤ አንዱ ለሌላው ሲባል አይታረም። ስልክ ይጠፋልና አንድ ቅጂ በቦንጋው የቡና ሙዚየም፣ አንድ ቅጂም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ።