ጥርጣሬ ከየት ይመነጫል?

(ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

በ2022 መገባደጃ ሂልቶፕ በምትገኝበት በኮሎምበስ ከተማ ኩፍኝ ተነሣ። በፌብሩዋሪ 2023 ማብቃቱ እስኪታወጅ ድረስ 85 ሰዎች፣ በአመዛኙ ያልተከተቡ ሕፃናት፣ ታመሙ፤ 36ቱ ሆስፒታል ተኙ። የሞተ የለም። ብዙዎቹ የሱማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ፤ ክትባቱ የዘገየውም «ኦቲዝም ያመጣል» በሚል ፍርሃት ነው።

«ያልነቃ ሕዝብ!» ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ምሁር አይጠፋም። ጓዶች፣ ይህ ፍርድ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።

የፍርሃቱን ሥር ለማወቅ ብዙ ሱማሌዎች ወደሚኖሩባት ወደ ሚኒሶታ እንመልከት። በ2004 እዚያ ከነበሩት የሁለት ዓመት የሱማሌ ሕፃናት 92 በመቶው ተከትበው ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ክትባትን ከመነሻው የሚጠላ አልነበረም። በ2008 ገደማ ግን ወላጆች «ኦቲዝም በልጆቻችን ላይ ለምን በዛ?» ብለው ጠየቁ። የዩኒቨርሲቲው ጥናት የወጣው በ2013 ነው። በዚህ ክፍተት የክትባት ተቃዋሚዎች ገቡ። ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው አንድሩ ዌክፊልድ ነበር። ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 ጽሑፉ በ2010 በላንሴት መጽሔት ተሽሯል፤ የሕክምና ፈቃዱንም በዚያው ዓመት ተነጥቋል። ቢሆንም ወላጆቹን ቀርቦ ያነጋገረ እርሱ ነበር። በ2014 የተከተቡት 42 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች ኩፍኝ ያዛቸው።

እንግዲህ ጥርጣሬውን የወለደው ድንቁርና ሳይሆን መልስ ያጣ ጥያቄ ነው። ጭቁን ሕዝብ የሚጠራጠርበት ምክንያትም አለው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1932 እስከ 1972 በተስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ሳያሳክም ሲያጠና ኖሯል። ይሁን እንጂ ባለሥልጣንን መጠርጠርና ማስረጃን መካድ ለየቅል ናቸው። ኩፍኝ የበደል ታሪክ ያለውን ሰው ለይቶ አይምርም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በ1977 በመርካ ከተማ በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ የያዘው ሱማሌው የሆስፒታል ወጥ ሠሪ አሊ ማው ማሊን፣ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ የቀረ ሰው ነበር። በኋላ የራሱን ታሪክ እየተናገረ ወላጆች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ እንዲያስከትቡ ሲቀሰቅስ ኖረ፤ በ2013 በዚያው ዘመቻ ላይ ሳለ ሞተ። የፈራውን ያሳመነው ፈርቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሂልቶፕም የኛ ተግባር ይኸው ነው። እናቶች ሲጠይቁ በሚያውቁት ቋንቋ እንመልስ፤ ክትባቱ ትኩሳት ሊያመጣ እንደሚችል ሳንደብቅ፣ ኦቲዝም እንደማያመጣ በማስረጃ እናስረዳ። ሕዝብን እየናቁ ማንቃት አይቻልም!